የፍልሚያ ጌሞች ውድድርና የይዘት ፈጣሪዎች እያደገ የመጣ ጉልበት

እ.ኤ.አ. በኦገስት 2023 በአሜሪካዋ ላስ ቬጋስ ከተማ በተካሄደው ኢቮ በተሰኘው ዓመታዊ የፍልሚያ ቪዲዮ ጌሞች ሻምፒዮና፣ ስትሪት ፋይተር 6 በተባለው ጌም ብቻ ለመወዳደር ከ7 ሺህ በላይ ተጫዋቾች ተመዝግበዋል። እስከዚያ ጊዜ ድረስ በዘርፉ ታሪክ ይህን ያህል ተወዳዳሪ በአንድ ጌም ተሰልፎ አያውቅም ነበር። ዋንጫውን ያነሳው አንግሪበርድ በሚል የውድድር ስም የሚታወቀው የተባበሩት አረብ ኤምሬትስ ተወካይ ሲሆን፣ በፍጻሜው የረታውም ከዶሚኒካን ሪፐብሊክ የመጣውን ሜናአርዲን ነው። ጌሙ ከተሠራባት ጃፓንም ሆነ ከአስተናጋጇ አሜሪካ ለፍጻሜ የበቃ አንድም ተጫዋች አልነበረም።

ከዚህ ቁጥር በስተጀርባ ያለው አሠራር ከተለመደው የስፖርት አደረጃጀት የተለየ መሆኑ ልብ ሊባል ይገባዋል። እግር ኳስ ከቀበሌ ክለብ እስከ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን የተዘረጋ መዋቅር አለው። አትሌቲክስም እንዲሁ። የፍልሚያ ጌሞች ውድድር ግን ለሦስት አሥርት ዓመታት ያህል የቆየው ደንብ በሚያወጣ ፌዴሬሽንም ሆነ በጀት በሚመድብ ሚኒስቴር አማካይነት ሳይሆን፣ ተጫዋቾቹ ራሳቸው በፈጠሩት የመደጋገፍ ልማድ ነው። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ የትኛው ጌም እንደሚነሳ፣ የትኛው እንደሚወድቅ፣ ማን እንደሚታወቅና አምራች ኩባንያዎች የትኛውን ቅሬታ እንደሚሰሙ በመወሰን ረገድ ከፍተኛውን ድርሻ እየያዙ የመጡት የይዘት ፈጣሪ የሚባሉት ወገኖች ናቸው። እነዚህም ግጥሚያዎችን በቀጥታ የሚያስተላልፉ፣ የሚተነትኑ፣ ለጀማሪ የሚያስተምሩና በዩቲዩብና በትዊች ከተመልካች ጋር በየቀኑ የሚገናኙ ግለሰቦች ናቸው። በዚህ ሐተታ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ለዘርፉ እንግዳ ለሆነ አንባቢ ጉዳዩን በአጭሩ ማስረዳት ያስፈልጋል። የፍልሚያ ጌም ማለት ሁለት ተጫዋቾች እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ይዘው በአንድ መስኮት ላይ ፊት ለፊት የሚፋለሙበት፣ የተቃዋሚውን የሕይወት መለኪያ ቀድሞ ያሟጠጠ የሚያሸንፍበት ጨዋታ ነው። ምስሉ በሰከንድ 60 ጊዜ ስለሚለዋወጥ ልምድ ያለው ተጫዋች የሚያስበው በሰከንድ ሳይሆን በሰከንድ ስድሳኛ ነው። የጃፓኑ ካፕኮም ኩባንያ በ1991 ያወጣው ስትሪት ፋይተር 2 ይህን ዓይነቱን ጨዋታ በዓለም ዙሪያ አሰራጭቶታል። በወቅቱ ጨዋታው የሚካሄደው ሳንቲም እየተጨመረባቸው በሚሠሩ ማሽኖች በተሞሉ የመጫወቻ ቤቶች ውስጥ ነበር። የተሸነፈ ይነሳል፤ ያሸነፈ ሌላ ባላጋራ እስኪመጣ ተቀምጦ ይጠብቃል።

በዚያ ዘመን ዕውቀት የሰፈር ሀብት ነበር። በኒውዮርክ የተገኘ የአጨዋወት ስልት ካሊፎርኒያ ለመድረስ ወራት ይወስድበታል፤ የቶኪዮው ደግሞ ጨርሶ ላይደርስ ይችላል። ጥሩ ተጫዋች የሚያውቀውን ለሌላ የሚያካፍልበት ምክንያትም አልነበረውም። በ1996 በካሊፎርኒያ ሰኒቬል ከተማ ቶምና ቶኒ ካነን የተባሉ ወንድማማቾች ከጓደኞቻቸው ጋር ያዘጋጁት ውድድር 40 ያህል ተጫዋቾችን ብቻ ያሰባሰበ ሲሆን፣ ዋነኛ ዓላማውም ከየአካባቢው ኃያል ነኝ የሚለው ሁሉ ተገናኝቶ እንዲለይለት ማድረግ ነበር። ይኸው ውድድር ከ2002 ጀምሮ ኢቮ የሚለውን ስያሜ ይዞ ቀጠለ፤ በ2005 ደግሞ ወደ ላስ ቬጋስ ተዛወረ።

የዘርፉ አካሄድ መለወጥ የጀመረው በአንድ አጭር የቪዲዮ ቅንጭብ ምክንያት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በ2004 በካሊፎርኒያ ፖሞና በተካሄደው ኢቮ ላይ ጃፓናዊው ዳይጎ ኡሜሃራና አሜሪካዊው ጀስቲን ዎንግ በስትሪት ፋይተር 3 ተገናኙ። የኡሜሃራ የሕይወት መለኪያ ሊያልቅ የቀረው እጅግ ጥቂት ስለነበር፣ የባላጋራውን ምት በመከላከያ ቢቀበለው እንኳ የሚሸነፍበት ደረጃ ላይ ደርሶ ነበር። ዎንግ 15 ተከታታይ ምቶች ያሉትን ልዩ ጥቃት ሲሰነዝር፣ ኡሜሃራ እያንዳንዷን ምት በትክክለኛዋ ቅጽበት መቆጣጠሪያውን ወደፊት በመግፋት አመከናት፤ ወዲያውም በመልሶ ማጥቃት ዙሩን አሸነፈ። በአዳራሹ የነበረው ተመልካች በጩኸት ተነሳ።

ትኩረት የሚሻው ግን ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ኡሜሃራ በዚያ ውድድር ሻምፒዮን አልሆነም፤ በፍጻሜው በሌላ ጃፓናዊ ተሸንፏል። ይሁን እንጂ በቀጣዩ ዓመት ዩቲዩብ ሥራ ጀምሮ ቅንጭቡ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ፣ በዓለም ዙሪያ የታወቀው የዋንጫው ባለቤት ሳይሆን ኡሜሃራ ሆነ። የዚያን ዓመት አሸናፊ ማን እንደነበር ከዘርፉ የቅርብ ተከታታዮች በስተቀር የሚያስታውስ ጥቂት ነው። የተሰራጨው ከተሸለመው ሊበልጥ እንደሚችል የታየበት የመጀመሪያው አጋጣሚ ይህ ነበር። ጀስቲን ዎንግ ራሱ ዛሬ ከውድድሩ ጎን ለጎን በዩቲዩብ በሚያቀርባቸው ሥራዎች የሚታወቅ ሰው ሆኗል።

በ2009 ስትሪት ፋይተር 4 ለቤት መጫወቻ መሣሪያዎች ሲቀርብ አዲስ ትውልድ ወደ ዘርፉ ገባ። በአንጻሩ የመጫወቻ ቤቶቹ በኪራይና በገበያ መቀዛቀዝ ምክንያት በየተራ ይዘጉ ጀመር። በኒውዮርክ የብዙ ኃያላን ተጫዋቾች መፍለቂያ የነበረው ቻይናታውን ፌር በ2011 ተዘጋ፤ በቀጣዩ ዓመት በሌላ መልክ ቢከፈትም የቀድሞው ስብስብ አልተመለሰም። የቀድሞው ሥራ አስኪያጅ በብሩክሊን ኔክስት ሌቭል የተባለ አነስተኛ የመጫወቻ ቦታ ከፈተ። በዚያው በ2011 ትዊች የተባለው የቀጥታ ስርጭት መድረክ ሥራ በመጀመሩ በዚህች ጠባብ ቦታ በየሳምንቱ የሚካሄደው ውድድር ከአዳራሹ ሰው እጅግ የበዛ ተመልካች አገኘ። በአንድ ካሜራና በሁለት ማይክሮፎን የጀመሩት አስተላላፊዎች ያለ ደመወዝ በመሥራት የመጫወቻ ቤቱን ሚና ወረሱ።

በዚሁ ጊዜ ሌላ ዓይነት አቅራቢዎችም ብቅ አሉ። ጉቴክስና ማይክ ሮስ የተባሉት ሁለት አሜሪካውያን ከ2010 ጀምሮ ያዘጋጁት የዩቲዩብ ፕሮግራም ከማሸነፍ ይልቅ የጓደኛሞችን ቀልድና ክርክር ያስቀደመ ነበር። ማክሲሚሊያን በሚል ስም የሚታወቀው ሌላው አቅራቢ ደግሞ በ2011 ለወጣው የማርቭልና የካፕኮም የጋራ ጌም እያንዳንዱን ገጸ ባሕርይ እንደ አጭር ተውኔት አድርጎ የሚያስተዋውቅ ተከታታይ ትምህርት አዘጋጀ። ቀድሞ ተሰውሮ ይያዝ የነበረው ስልት አሁን በይፋ የሚሰጥ ትምህርት ሆነ። ምክንያቱም ግልጽ ነው። በመጫወቻ ቤት ዘመን ምስጢር የያዘ ሳንቲሙን ይቆጥብ ነበር፤ በዩቲዩብ ዘመን ግን ገቢ የሚገኘው ምስጢሩን በመግለጽ ነው።

የይዘት ፈጣሪዎችና የተመልካቾቻቸው አቅም ከአምራች ኩባንያ ጋር ፊት ለፊት የተፈተነው በ2013 ነበር። የኢቮ አዘጋጆች በዚያ ዓመት ስምንተኛውን ጌም ለመምረጥ ለጡት ካንሰር ምርምር የሚውል የገንዘብ ማሰባሰቢያ አዘጋጅተው፣ ከፍተኛ መዋጮ ያገኘው ጌም በመድረኩ እንደሚካተት አስታወቁ። ከ94 ሺህ ዶላር በላይ አሰባስቦ ያሸነፈው የኔንቴንዶ ንብረት የሆነውና በ2001 የወጣው ስማሽ ብራዘርስ ሚሌ ነበር። ኩባንያው ለዚህ ጌም ድጋፍ መስጠቱን ካቆመ ዓመታት ተቆጥረዋል። ጌሙን በሕይወት ያቆዩት ተጫዋቾቹ ብቻ ነበሩ።

ውድድሩ ሊጀመር ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ኔንቴንዶ የሚሌ ግጥሚያዎች በኢንተርኔት እንዳይተላለፉ አዘዘ። ለካንሰር ምርምር ገንዘብ ላዋጡት ደጋፊዎች ነገሩ ወርቅ ላበደረ ጠጠር ሆነባቸው። ተቃውሞው በማኅበራዊ መገናኛዎች በተቀጣጠለ በሰዓታት ውስጥ ኩባንያው ውሳኔውን ቀልብሶ ስርጭቱን ፈቀደ። በዚያው ዓመት መገባደጃ አካባቢ አንድ ወጣት የፊልም ባለሙያ ስለ ጌሙ ተጫዋቾች ያዘጋጀው ዘጠኝ ክፍል ያለው ዘጋቢ ፊልም በዩቲዩብ በነፃ ቀረበ። ጌሙን ነክተውት የማያውቁ በርካታ ወጣቶች በዚህ ፊልም ምክንያት ወደ ውድድሩ መምጣታቸውን ራሳቸው ተጫዋቾቹ ደጋግመው የሚናገሩት ነው። አንድ ኩባንያ በማስታወቂያ በጀት ያላደረገውን አንድ ዘጋቢ ፊልም አደረገው።

እዚህ ላይ የሕግ ጥያቄው መነሳቱ አይቀርም። የእግር ኳስ ጨዋታ ባለቤት የለውም፤ ማንም ሰው ሜዳ አስምሮ ውድድር ማዘጋጀት ይችላል። ቪዲዮ ጌም ግን በቅጂ መብት የተጠበቀ የፈጠራ ሥራ በመሆኑ፣ ጨዋታውን በአደባባይ ማሳየትም ሆነ ማሰራጨት በባለመብቱ ፈቃድ ወይም ዝምታ ላይ የተመሠረተ ነው። የዘርፉ አብዛኛው እንቅስቃሴ የኖረው በዚህ ዝምታ ላይ ነው። ዝምታ ደግሞ ውል አይደለም። ኔንቴንዶ በኖቬምበር 2020 በወረርሽኙ ምክንያት በኢንተርኔት ሊካሄድ የነበረውን ዘ ቢግ ሃውስ የተሰኘ ውድድር፣ አዘጋጆቹ ስሊፒ የተባለ በተጫዋቾች የተሠራ የግንኙነት ማሻሻያ ሊጠቀሙ ነው በሚል ምክንያት አስቆመ። በ2023 ባወጣው መመሪያ ደግሞ ያለ ልዩ ፈቃድ የሚካሄዱ ውድድሮች በአካል ከ200 ተሳታፊ እንዳይበልጡ፣ ሽልማታቸውም ከ5 ሺህ ዶላር እንዳያልፍና ስፖንሰር እንዳይኖራቸው ወሰነ። በዚህ ጊዜ የይዘት ፈጣሪዎቹ ተቃውሞ እንደ 2013ቱ ውሳኔውን አላስቀለበሰም። የጩኸት ጉልበት የሚሠራው ባለመብቱ መስማት ሲፈልግ ብቻ መሆኑን የሚያሳይ ነው።

ከሁሉም በላይ ጎልቶ የሚጠቀሰው የይዘት ፈጣሪዎች አስተዋጽኦ ግን ከቴክኒክ ጉዳይ ጋር የተያያዘ ነው። ሁለት ተጫዋቾች በተለያዩ ከተሞች ሆነው በኢንተርኔት ሲጫወቱ የአንዱ ትእዛዝ ሌላው ዘንድ እስኪደርስ መዘግየት አለ። የጃፓን ኩባንያዎች ለረጅም ጊዜ የተጠቀሙበት ዘዴ ሁለቱንም ተጫዋቾች እኩል የሚያዘገይ ነበር። ይህም ግንኙነቱ ሲዋዥቅ ጨዋታውን በውኃ ውስጥ እንደመራመድ ያደርገዋል። ከኢቮ መሥራቾች አንዱ የሆነው ቶኒ ካነን የሠራው ዘዴ ግን ጨዋታው ሳይጠብቅ እንዲቀጥል፣ የባላጋራው ቀጣይ ትእዛዝ ምን እንደሚሆን እንዲገመትና ግምቱ ሲሳሳት ብቻ ወደኋላ ተመልሶ እንዲታረም የሚያደርግ ነው። ሮልባክ በመባል ይታወቃል።

ይህ ዘዴ ከ2000ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የነበረና ብልጫውም በተጫዋቾች ዘንድ የአደባባይ ምስጢር የነበረ ቢሆንም፣ አብዛኞቹ ኩባንያዎች ለዓመታት ችላ ብለውት ቆይተዋል። በ2019 ካነን የዘዴውን ኮድ ማንም እንዲጠቀምበት በነፃ ይፋ አደረገ። በዚያው ዓመት ኮር ኤ ጌሚንግ የተሰኘው በትንታኔ ቪዲዮዎቹ የሚታወቀው የዩቲዩብ ቻናል የሁለቱን ዘዴዎች ልዩነት ለማንኛውም ሰው በሚገባ ሥዕላዊ መንገድ አብራርቶ አቀረበ። ከዚያ በፊት የፕሮግራመሮች ቋንቋ የነበረው ጉዳይ የተራው ገዥ ጥያቄ ሆነ። አዲስ ጌም በተዋወቀ ቁጥር ከተመልካች የሚነሳው የመጀመሪያ ጥያቄ ሮልባክ አለው ወይ የሚል ሆነ። በ2020 ወረርሽኙ የአካል ውድድሮችን ሲዘጋ ደግሞ ጥያቄው የህልውና ጉዳይ ሆኖ አረፈው። በ2021 የወጣው ጊልቲ ጊር ስትራይቭ፣ በ2022 የወጣው ኪንግ ኦፍ ፋይተርስ 15ና በ2023 የወጣው ስትሪት ፋይተር 6 ሦስቱም በዚህ ዘዴ የቀረቡ ናቸው። ለውጡ በአንድ ቪዲዮ መጣ ማለት አይቻልም፤ ወረርሽኙም የራሱ ድርሻ አለው። ሆኖም የገዥውን ጥያቄ በአንድ ቃል የጠቀለሉት የይዘት ፈጣሪዎቹ መሆናቸው አያከራክርም።

የቀጥታ ስርጭት የዓለም ካርታን ለማስተካከል ያለው አቅም ጎልቶ የታየው ደግሞ በፓኪስታን ነው። አርስላን አሽ የተባለው የላሆር ወጣት በፌብሩዋሪ 2019 በጃፓን ፉኩኦካ በተካሄደው ኢቮ ጃፓን የቴከን 7 ውድድር ላይ ሲደርስ ከአገሩ ውጭ ብዙም የሚያውቀው አልነበረም። በቪዛና በበረራ ችግር ምክንያት ከውድድሩ ሊቀር ጥቂት ነበር የቀረው። የዚህ ዓይነቱ እንግልት ለብዙ የአፍሪካና የእስያ ወጣቶች እንግዳ አይደለም። ዋንጫውን ከወሰደ በኋላ በአገሩ ሌሎች ጠንካራ ተጫዋቾች እንዳሉ ሲናገር በርካቶች እንደ ትሕትና ቆጠሩለት።

በዘርፉ ከታላላቆቹ ተርታ የሚመደበው ደቡብ ኮሪያዊው ኒ ግን ነገሩን በዓይኑ ለማየት በዚያው ዓመት ወደ ፓኪስታን ተጓዘ። ከአካባቢው ተጫዋቾች ጋር ያደረጋቸውን ግጥሚያዎችም ለተከታዮቹ አሰራጨ። በስም በማይታወቁ ወጣቶች ደጋግሞ ሲሸነፍ ዓለም ተመለከተ። ማስረጃው ከተናጋሪው ቃል ወደ ተመልካቹ ዓይን ተዛወረ። በኦገስት 2019 በላስ ቬጋስ ፍጻሜ ላይ የተገናኙትም አርስላንና ኒ ራሳቸው ሲሆኑ፣ አርስላን አሸነፈ። በ2023 እና በ2024ም በዚያው መድረክ ደግሞታል። ሌላው ፓኪስታናዊ አቲፍ ባት ደግሞ የ2022ቱን የቴከን ዓለም አቀፍ ዙር ፍጻሜ አሸንፏል። ፓኪስታን በዘርፉ ኃያል አገር መሆኗን ያረጋገጠ ኮሚቴ የለም፤ ያረጋገጠው አንድ ተሸናፊ የከፈተው ካሜራ ነው።

በጃፓን የታየው ለውጥ ደግሞ ሌላ መልክ አለው። ስትሪት ፋይተር 6 ከወጣ ከአንድ ወር በኋላ በጁላይ 2023 ክሬዚ ራኩን የተባለው የኤሌክትሮኒክ ስፖርት ቡድን ባዘጋጀው ውድድር ላይ የተሳተፉት በአብዛኛው ፍልሚያ ጌም ተጫውተው የማያውቁ ዝነኛ የቀጥታ ስርጭት አቅራቢዎች ነበሩ። አንጋፋ ተወዳዳሪዎች አሠልጣኝ ሆነው ተመደቡላቸው። ተመልካቹ የተከታተለው የውድድሩን ቀን ብቻ ሳይሆን ሳምንታት የፈጀውን ልምምድ፣ ውድቀቱንና መሻሻሉን ጭምር ነው። ጌሙ ጥቂት ቁልፎችን በመጫን ብቻ ውስብስብ ምቶችን ለመሰንዘር የሚያስችል አዲስ የአጨዋወት ምርጫ ይዞ መምጣቱም ለጀማሪዎቹ ጠቅሟል። በአሜሪካም ሳጃም በሚል ስም የሚታወቀው የውድድር ተንታኝ በተመሳሳይ አሠራር ጀማሪ አቅራቢዎችን ከአሠልጣኞች ጋር የሚያገናኝ ውድድር ማዘጋጀት ጀምሯል።

የዚህ አሠራር ውጤት መልካምም አጠያያቂም ነው። በአንድ በኩል ለሃያ ዓመታት የራሱን ክብ ብቻ ሲመለከት የኖረው ማኅበረሰብ አዲስ ተመልካች አግኝቷል። ካፕኮም በማርች 2025 የዓመቱን ፍጻሜ ያካሄደው በቶኪዮ የሱሞ ትግል ብሔራዊ አዳራሽ በሆነው ርዮጎኩ ኮኩጊካን ሲሆን፣ አሸናፊው 1 ሚሊዮን ዶላር ተሸልሟል። በሌላ በኩል የተመልካቹ ታማኝነት ለጌሙ ሳይሆን ለአቅራቢው መሆኑ ይታያል። አቅራቢው ፊቱን ወደ ሌላ ጌም ባዞረ ጊዜ ተመልካቹም አብሮት ሊሄድ ይችላል።

የይዘት ፈጣሪዎች ድምፅ በአምራቾች ላይ ያሳደረው ተጽዕኖ በሌሎች አጋጣሚዎችም ታይቷል። ማክሲሚሊያን በ2021 ያስጀመረው ዘመቻ በ2000 የወጣውና በፈቃድ ጉዳይ ምክንያት ከገበያ ጠፍቶ የነበረው ማርቭል ከካፕኮም 2 ዳግም እንዲቀርብ የሚጠይቅ ነበር፤ ጌሙ በ2024 ከሌሎች ጋር በአንድ ጥራዝ ቀርቧል። በኤፕሪል 2025 ደግሞ የቴከን 8 ሁለተኛ ምዕራፍ ማሻሻያ ሲለቀቅ፣ ማጥቃትን ከመጠን በላይ አበረታቷል በሚል ከአንጋፋ ተጫዋቾችና ከአቅራቢዎች የተነሳው ነቀፋ ወደ ገዥዎች ተዛምቶ ኩባንያው የማስተካከያ እርምጃ ለመውሰድ ተገዷል።

ይሁን እንጂ ነቀፋ ሁልጊዜ ከጥቅም የጸዳ አይደለም። ገቢው በተመልካች ብዛት ለሚለካ ሰው ቁጣ ከትምህርት የተሻለ ገበያ አለው። ጌም ሞተ የሚል ርዕስ የተሰጠው ቪዲዮ፣ አንድን ገጸ ባሕርይ እንዴት መከላከል እንደሚቻል ከሚያስረዳው ይልቅ በቀላሉ ይታያል። ይህ በጌሞች ብቻ የተወሰነ ችግር ባይሆንም፣ ማኅበረሰቡ ትንሽ በመሆኑ የጥቂት ሰዎች ስሜት የሁሉ አቋም መስሎ የመታየት አደጋው ሰፊ ነው።

ከዚህም የከፋ ጉዳት የታየባቸው አጋጣሚዎች አሉ። በ2012 ካፕኮም ለአንድ አዲስ ጌም ማስተዋወቂያ ባዘጋጀው የቀጥታ ስርጭት የቡድኖች ውድድር ላይ አንዲት ሴት ተወዳዳሪ በካሜራ ፊት ለቀናት ፆታዊ ትንኮሳ ደርሶባታል። ኩባንያው በኋላ ይቅርታ ጠይቋል። በ2020 የበጋ ወራት ደግሞ በርካታ ተጫዋቾች ስለደረሰባቸው በደል በአደባባይ መናገራቸውን ተከትሎ፣ ከኢቮ ኃላፊዎች አንዱ ክስ ቀርቦበት ከሥራው ተሰናብቷል፤ የዚያ ዓመት የኢንተርኔት ውድድርም ተሰርዟል። ተበዳዮቹ ድምፃቸውን ያሰሙት በዚያው ዝነኞቹን ባፈራው መድረክ ላይ ነው። አቤቱታ የሚቀበል አካል፣ የሥነ ምግባር ኮሚቴም ሆነ ይግባኝ ሰሚ አልነበረምና ሌላ በር አላገኙም። ፌዴሬሽን አለመኖሩ እንደ ነፃነት ሲወደስ ለቆየ ዘርፍ ይህ ከባድ ዋጋ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ገንዘብ ያላቸው ተቋማት ወደ መድረኩ ገብተዋል። በማርች 2021 የጃፓኑ ሶኒ ከአንድ አጋር ኩባንያ ጋር ኢቮን ገዛ፤ በ2025 ደግሞ ድርሻውን ኖድዊን ለተባለ የሕንድ ኩባንያ አስተላልፏል። ኪንግ ኦፍ ፋይተርስን የሚያመርተው ኤስኤንኬ በ2022 ከሞላ ጎደል ሙሉ በሙሉ በሳዑዲ አረቢያው ሚስክ ፋውንዴሽን ይዞታ ሥር ገባ። በ2024 በሪያድ የተጀመረው የኤሌክትሮኒክ ስፖርት ዓለም ዋንጫ በጠቅላላ ከ60 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሽልማት ሲያቀርብ፣ ለስትሪት ፋይተርና ለቴከን ብቻ ለእያንዳንዳቸው 1 ሚሊዮን ዶላር መድቧል። አንዳንድ ተንታኞችና አቅራቢዎች በሰብዓዊ መብት ጉዳይ በመቃወም በውድድሩ አንሳተፍም ሲሉ፣ ሌሎች ለሃያ ዓመታት ያለ ክፍያ የሠራ ሰው ደመወዝ ሲያገኝ ሊወቀስ አይገባም ብለዋል። ክርክሩ እንደተለመደው የተካሄደው በየአቅራቢው የቀጥታ ስርጭት ላይ ነው።

ወደ አፍሪካ ሲመጣ የኬንያዋ ሲልቪያ ጋቶኒ ትጠቀሳለች። ኩዊን አሮው በሚል ስም ቴከን የምትወዳደረው ይህች የሕግ ምሩቅ በ2018 በአንድ የአሜሪካ ቡድን በመታቀፍ ከአገሯ ሴቶች የመጀመሪያዋ ሆናለች። በአዲስ አበባ የፕሌይስቴሽን ማጫወቻ ቤቶች ገኖ የሚታየው የእግር ኳስ ጌም ሲሆን፣ ፍልሚያ ጌም ተራ እስኪደርስ የሚነካ መዝናኛ ከመሆን ብዙም አላለፈም። ለክፍለ አህጉሩ ተጫዋቾች ዋነኛው እንቅፋት ርቀት ነው። ሮልባክ መዘግየትን ይሸፍናል እንጂ አያጠፋውም። በአውሮፓ ካለ ባላጋራ ጋር በኢንተርኔት የሚገናኝ የምሥራቅ አፍሪካ ተጫዋች በመስመሩ ርዝመት ብቻ ተበልጦ ይጀምራል፤ ለአካል ውድድር ደግሞ የቪዛው ጥያቄ ይጠብቀዋል። ላሆር ያለፈችበት መንገድም ይኸው ነበር።

በአሁኑ ወቅት በዘርፉ እያከራከረ ያለው ጉዳይ የስርጭት ባለቤትነት ነው። አንድ ታዋቂ አቅራቢ የውድድሩን ምስል ተቀብሎ በራሱ ቻናል እያብራራ ሲያስተላልፍ ተመልካቹ ይበዛል፤ ነገር ግን አዳራሽ የተከራየው፣ መሣሪያ ያቀረበውና ዳኛ ያሰማራው አዘጋጅ በራሱ ቻናል ላይ ያገኝ የነበረው ተመልካች ይቀንስበታል። ስፖንሰር ደግሞ የሚቆጥረው የአዘጋጁን ቻናል ነው። አንዳንድ አዘጋጆች ይህን በመከልከል፣ ሌሎች ደግሞ ገቢ በመጋራት ለመፍታት ሞክረዋል።

ካፕኮም በ2025 መጸው የቀጣዩ ዓመት የካፕኮም ዋንጫ ፍጻሜ በክፍያ ስርጭት እንደሚቀርብ ሲያስታውቅ ከተጫዋቾችም ከአቅራቢዎችም ተቃውሞ ገጥሞታል። የተቃዋሚዎቹ መከራከሪያ ተመልካቹን ያሰባሰበው ለዓመታት በነፃ የቀረበው ስርጭትና በዚያ ላይ የተሠራው ትንታኔ ነው የሚል ነው። የኩባንያው ወገን ደግሞ ጌሙ የራሱ መሆኑን፣ ሽልማቱንም የሚከፍለው እርሱ መሆኑን ያነሳል። በሁለቱ መካከል የሚዳኝ ሕግም ሆነ ተቋም እስካሁን አልተቋቋመም።